የግንበኛው ድርብርብ

ግንበኛው ሚስቱን ያገባት በጆሮው ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ዓይኑ የደረሰው ኋላ ነው። ያኔ ከመናኸሪያው ጀርባ አጥር ሲገነባ፣ በድምፅ ማጉያው የአውቶቡሶችን መነሻና መድረሻ የምትናገረውን ሴት እየሰማ ጡብ ይደረድር ነበር። አጥሩ አልቆ ሌላ ቦታ ሲላክ እጁ ሥራ እምቢ አለው። በእረፍት ቀኑ ወደማይሄድበት ከተማ ቲኬት ቆረጠና መናኸሪያው ውስጥ ተጎለተ፤ አውቶቡሱም ጥሎት ሄደ። አቤቱታ አለኝ ብሎ የድምፅ ማጉያውን ክፍል አንኳኳ። የከፈተችለት ቀጭን ባለመነጽር ሴት፣ ተሳፋሪ ሁሉ ሲጠራ የት ነበርክ ብትለው፣ "ሲጠራማ እየሰማሁ ነበር፤ ለዚያ ነው የቀረሁት" አላት ይባላል። የሚለው እሱ ነው እንግዲህ። እሷ ግን ምላሱ ታስሮ ኮፍያውን ሲያሻሽ ነበር ባይ ናት።

የሥራ ባልደረቦቹ እንዝርት ይሉታል፤ ረግቶ ያየው ሰው የለማ። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ዜና እየተንጎራደደ ይሰማል፣ ጥርሱን ሲቦርሽ እንኳን ግቢውን ይዞራል። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ሰው ስለሰፋ የሚዞርበት ቦታም ጨምሮለታል። በደህናው ጊዜ ሚስቱ ወለሉን ጨረስከው እኮ ትለው ነበር። አሁን እንዲያ የሚለው የለም፤ ወለሉም ማለቁን ቀጥሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት፣ ሐኪም ቤት ገባች፣ ተቀዶ ወጣላት። ሰው መከራ ሲደራረብበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል፤ በእሷ የደረሰው ደግሞ ተረቱ ያላሰበው ነው፣ እንቅርቱ ሲሄድ ዝምታው መጣ። መጀመሪያ ላይ ሐኪሙ ራሱ እንዳትናገሪ ብሏት ስለነበር ማንም አልተጨነቀም። በጣት፣ በቅንድብ፣ በራስ ንቅናቄ ተግባቡ። የተከለከለችበት ጊዜ አለፈ፣ ቁስሉ ጠገገ፣ አንገቷ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ቀረ። እሷ ግን አፏን እንደዘጋች ናት።

ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ሄደው ነበር። ሰውየው ጉሮሮዋን ውስጥ ድረስ አየና ወንበሩን ወደ ሁለቱም አዞረ። የድምፅ አውታሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንደኛው ግን ሰንፏል፣ ድምፁ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፣ ቢሆንም ድምፅ አለ፣ የቀረው የእሷ ፋንታ ስለሆነ ትናገር አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የግንበኛው ጆሮ የያዘው "ይንቀሳቀሳሉ" የሚለውን ብቻ ነው። ጆሮም እንደ ሆድ የሚስማማውን ይመርጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ያ ድምፅ ይመለሳል ማለት ያዘ፤ ለጎረቤት፣ ለባለሱቅ፣ በስልክ ለመናኸሪያው ኃላፊ፣ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ ለራሷ። ጠዋት ሻይ ሲያቀርብላት ይመለሳል፣ ማታ መብራት ሲያጠፋ ይመለሳል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና ትተኛለች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ የጥንት ሰዎች። ምን ያርጉ፣ በዚያ ቤት አልኖሩ። ይነቅዛል። ግንበኛው ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ የሳህን ኮሽታ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የእግሯ ድምፅ ይሰማዋል፣ የጎደለው ከዚያ ሁሉ በላይ ይሰማዋል። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለራሱ ያወራል። እሷ እያየችው ዝም ስትል፣ ድንገት እስከ ዕድሜ ልክ እንዲህ ብንቀርስ የሚል ሐሳብ ይመጣበትና ብድግ ብሎ የማያፈስ ጣሪያ ሊጠግን ይወጣል። ፈርቷል። ለማንም አልተናገረም እንጂ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ሥራ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ ሳለ አንድ መላ ብልጭ አለለትና ምላጩን እንደያዘ ግቢ ወጣ። ሚስቱ ሁሉን ነገር ትችላለች፤ ባልዋን ሠላሳ ዓመት ችላለች፣ የመናኸሪያ ሰካራም ችላለች። የማትችለው አንድ ነገር ነው፣ በእሷ ማዕድ ቤት ውስጥ ነገር ሲበላሽ ማየት። አማቷ እንኳን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እዚያ ወጥ ልታማስል ገብታ ማንኪያዋን ተቀምታ ነው የወጣችው። እንግዲህ ድርብርቡን እሠራለሁ ብሎ እፊቷ ቢያበላሸው፣ አፏ ለቁጣ ሳይከፈት የት ይደርሳል?

ድርብርብ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ በቤታቸው ሌላ ስም የለውም። እሳት የማይነካው ጣፋጭ ነው። ወተት የቀመሰ ብስኩት ከታች፣ በላዩ የተመታ ክሬም፣ በላዩ የተከተፈ ፍራፍሬ፣ እንደገና ብስኩት፣ እንደገና ክሬም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጎድጓዳው የመስታወት ሳህን እስኪሞላ። ከዚያ ፍሪጅ ገብቶ እስኪረጋ ይጠበቃል። ልጅ ፈተና ሲያልፍ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ቤት ውስጥ ደስ የሚል ወሬ ሲሰማ እሷ ትሠራዋለች። ግንበኛው ከልጆቹ ሁሉ በላይ በልቶታል። ሲሠራ ግን አንድ ቀን እንኳን አላየም፤ ለማየት መቆም ያስፈልጋል።

ገበያ ሄደ። ማንጎ፣ ሙዝ፣ እንጆሪ፣ ክሬም፣ ብስኩት ገዛ። ከማንጎዎቹ መሐል አንዱን ሆን ብሎ አረንጓዴ፣ ድንጋይ የሆነ መረጠ። ፍራፍሬ ሻጩ ይኼ እንኳን ለመብላት ለውሻ መወርወሪያ ነው ቢለው፣ ግድ የለም አንተ መዝን አለው።

ሚስቱ ማዕድ ቤት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። የገዛውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና ዛሬ ድርብርቡን የምሠራው እኔ ነኝ ብሎ አወጀ። የግራ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው ብሎ በሆዱ ሳቀ።

የሽንኩርቱን ቢላዋ ሳያጥብ አነሣና ማንጎው ላይ ሊያሳርፍ ሲል እሷ ተነሣች። ቢላዋውን ከእጁ ወሰደች፣ አጠበችው፣ አድርቃ መለሰችለትና ሄዳ ተቀመጠች። ክሬሙን ገና በትኩሱ ከታጠበ ሳህን ውስጥ ገለበጠው። ተነሣች፤ ወደ ቀዝቃዛ ሳህን ገልብጣ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችበት። እንጆሪውን ከነቅጠሉ መክተፍ ጀመረ። ተነሣች፤ ቅጠሉን እየቀነጠሰች ጨረሰችለት። በመጨረሻ የጨው ዕቃውን ከፍቶ፣ ስኳር እንደመሰለው ሰው ማንኪያውን ሞላና አየት አደረጋት። እሷም አየችው። የጨውን ዕቃ ከድና ስኳሩን በቦታው አስቀመጠች፣ አንድ ካልሲ ሳይታጠፍ ቀርቶ ስለነበረም ሄዳ እሱን አጠፈች።

ግንበኛው ያላሰበው ይህን ነው። ለካ ሴትዮዋ ለመቆጣት አፍ አያስፈልጋትም፣ ሁለት እጅ አላት። መላውን ሁሉ ውኃ በላው። የጨውን ማንኪያ እንደያዘ መሐል ወለል ላይ ቆመና ሳይፈልገው ድምፁ ተለወጠ።

"አንድ ቃል ብቻ። ደደብ በይኝ።"

ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር አለፈ። ልትናገር ነው ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። እሷ ግን እጇን በፎጣ አደራርቃ፣ የታጠፈውን ልብስ አንሥታ፣ ከኋላ ወደ በረንዳው ወጣችና በሩን ቀስ ብላ ገጠመችው። ብታላትመው ይሻለው ነበር።

ከሄደች በኋላ ነው የፈረደበትን ድርብርብ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ መሆኑ የታወሰው። ማበላሸቱን እንጂ መሥራቱን አላቀደም ነበር። ሁሉም ነገር ተከታትፎ፣ ተገላልጦ ጠረጴዛ ሞልቷል፤ ይቅር ብሎ መጣል ደግሞ ነውር ነው። ስልኩን አንሥቶ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ወጣና የሚስቱ ታላቅ እህት ዘንድ ደወለ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በስልክ ሲያወሩ እንኳን መኪናቸው አይቆምም፣ ከንግግራቸው ጋር እየተንኳኳ ይሄዳል።

እትዬም እየሰፉ ነገሩት። ብስኩቱን ወተት አስነክቶ እንዲደረድር፣ ክሬሙን ማንኪያ ሲገለበጥ እስከማይወርድ ድረስ እንዲመታ፣ ሲጨርስም ፍሪጅ ከትቶ እንዳይነካካው፣ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል አሉት።

"ሙዙን መጨረሻ ላይ ክተፍ፣ ይጠቁራል" አሉ ቀጥለው። "እኔም አላውቅም ነበር፣ በቀደም ነው የነገረችኝ።"

የስፌት መኪናው ቆመ።

ግንበኛው ግቢው መሐል ቆመ። "ማን ነገረችዎት?"

"ውይ" አሉ እትዬ በቀስታ።

"በጣቷ ነው የነገረችዎት እትዬ? በስልክ በጣት ይነገራል?"

እትዬ በረዥሙ ተነፈሱ። ውሸት አያውቁበትም፣ ቢያውቁም ጊዜው አልፏል። በአፏ ነው አሉት። አንተ ሥራ ስትወጣ ትደውልልኛለች፣ ብዙ አይደለም፣ ይደክማታል፣ ግን ታወራለች አሉት። ለምን ከእኔ ጋር አታወራም ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እሱን ከእኔ አትሰማም፣ ቃል ሰጥቻለሁ ብለው ስልኩን ዘጉት። ግንበኛው የተዘጋውን ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ የአጥሩን ጥግ አንድ ጊዜ ዞረው።

ታወራለች። ስንት ሌሊት የለመነው ነገር ሆኖ ተገኘ፣ ደስታውን ግን ፈልጎ አጣው። ታወራለች፣ ከእሱ ጋር ግን አይደለም። በሩን ከፍቶ ወጣ። ጎረቤቱን አናጺ ሰላም ሳይል አለፈ፣ የዳቦ ቤቱን ሰልፍ አቋርጦ አለፈ፣ እሱ ራሱ የጀመረው ሕንፃ ድረስ ደርሶ ያልደረቀውን ግድግዳ በመዳፉ ነክቶ ተመለሰ። ሰው በሚስቱ እህት ይቀናል? ይቀናል። እንዲያውም የከፋው ቅናት እሱ ነው፣ ለማንም ተነግሮ አይወጣም። ምን በድያት ነው እያለ ሄደ፣ ምን በድያት ነው እያለ መጣ። ያልገዛላትን አስታወሰ፣ የረሳውን አስታወሰ፣ ከልጆቹ አንዱ ሲወለድ ውጭ አገር ሥራ ላይ እንደነበር አስታወሰ። ከእነዚህ ማናቸውም ዛሬ አፍ የሚያዘጉ አይደሉም። ቤት ሲደርስ በረንዳው ላይ ጀርባዋን አየ፤ በዚያ ጀርባ ላይ ሊጮህበት ፈለገ፣ ሊያቅፈውም ፈለገ፣ ሁለቱንም ሳያደርግ ማዕድ ቤት ገባ።

ከዚህ በኋላ የሠራው እጁ እንጂ እሱ አይደለም። የግንበኛ እጅ ደግሞ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ደረቅ ጡብ የሲሚንቶውን ውኃ መጥጦ ግንቡን ያሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ጡብ ከመደርደሩ በፊት በርሜል ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ሲቆም ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው፣ ያኔ ይወጣል። እትዬ አስነካው ያሉትን እጁ ንከረው ብሎ ሰማ። ወተቱን በሰፊ ሳህን ገለበጠ፣ ብስኩቱን በሙሉ ዘፈዘፈው። አረፋ ወጣ። ቁጭ ብሎ፣ አይ ቁጭ እንኳን አላለም፣ ጎንበስ ብሎ አረፋው እስኪቆም ጠበቀ፤ በዚያ ቀን በትዕግሥት የሠራው ሥራ ይኸው ብቻ ነበር። አረፋው ቆመ። አንዱን ቢያነሣው በጣቱ መሐል ተንጠባጠበ። ጠግቧል አለና በጭልፋ እያፈሰ ከመስታወቱ ሳህን ሥር አነጠፈው፣ ጎንበስ ብሎም ውኃ ልክ እንደያዘ ሰው በአንድ ዓይኑ ደረጃውን ተመለከተ።

ክሬሙን ለመምታት ትዕግሥቱ ቀድሞ አልቆ ነበር። መታ፣ መታ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባዋን አየ፣ ተመልሶ መታ። ማንኪያው ሲገለበጥ ይወርዳል። ይበቃዋል አለ። ማንጎውን ጥሬውንም የበሰለውንም አንድ ላይ በተነው፣ ሙዙን ከመጀመሪያው ስለከተፈው ቡናማ ሆኗል፣ ምን ያርግ፣ በተነው። ክሬም፣ ብስኩት፣ እንጆሪ፣ ክሬም። ፍሪጅ ውስጥ ከተተውና በሩን ዘጋ።

ወዲያው ከፈተው። ዘጋው። ማዕድ ቤቱን ጠራረገ፣ ከፈተው፣ ሳህኑን ነቅነቅ አደረገው፣ እንደ ኩሬ ሞገድ ሠራበት፣ ዘጋው። እስኪረጋ ድረስ የሚላትን ነገር አዘጋጀ። አንደኛው ንግግር የቁጣ ነው፣ እኔ ባዳ ነኝ ወይ ይላል። ሁለተኛው የይቅርታ ነው፣ ምን እንዳጠፋ ስለማያውቅ ግን መሐሉ ባዶ ነው። ሦስተኛው በጣም ያማረ ነበር፣ ፍሪጁን ለመክፈት ሲሄድ ግማሹ ጠፋበት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ፍሪጅም እንዳይዋስ መጨመር ነበረበት። ጀንበር ወደ ጎረቤት ጣሪያ ዘቅዘቅ ስትል አላስቻለውም፣ ሳህኑን አወጣው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንድ ጎኑን በማንኪያ ሲነካው የላይኛው ድርብ ወደ ታች ተንሸራተተ፣ የታችኛው ወደ ጎን ሸሸ፣ እንጆሪዎቹ እንደ ሰመጠ ሰው አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ጠለቁ። ግንብ ቢሆን ኖሮ ተቆጣጣሪው አፍርሰህ ሥራ ይለው ነበር። ያለውን በጭልፋ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን አደረገና በክርኑ በሩን ገፍቶ በረንዳው ላይ ወጣ።

ሚስቱ የሰጣትን ተቀበለች። መጀመሪያ አየችው፣ አሸተተችው፣ በማንኪያው ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገችው፣ ከዚያ ቀመሰች። እሱ የእሱን ሳህን ይዞ እፊቷ ቆሟል። ሦስቱም ንግግሮች የሉም። የመጣለት ያላዘጋጀው ነበር።

"ከእህትሽ ጋር ታወሪያለሽ።"

ማንኪያዋ ባለበት ቀረ። ቀና አላለችም። ከአጥሩ ባሻገር ሰው እየተሳሳቀ አለፈ፣ ሩቅ የሆነ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ እሷ አሁንም ሳህኗን እያየች ነው። ጠየቅኳት፣ አበቃ፣ እንግዲህ እስከ መጨረሻው ልትዘጋው ነው ብሎ ሲያስብ፣ አፏ ተከፈተ።

"ብስኩቱን ምን አደረግኸው?"

ድምፁ ከታች ነው የመጣው። ትንፋሽ የበዛበት፣ ባልዲ አሸዋ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነው፤ መጨረሻው ላይ ቃሉ ሳያልቅ ድምፁ አልቋል። ግንበኛው የሚያውቀውን ድምፅ በውስጡ ፈለገ። ሳያስበው ነው የፈለገው፣ ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ። አልነበረም። ልቡ ቁልቁል ወረደ፣ ፊቱም ልቡን ተከትሎ ወረደ።

"ወተት ውስጥ ነከርኩት" አለ እንደምንም። "አረፋው እስኪቆም።"

"ጡብ ነው እንዴ?"

ሊስቅ ፈለገ፣ አልመጣለትም። እሷ ግን ብስኩቱን ትታ የእሱን ፊት ነበር የምታየው። ለረዥም ጊዜ አየችው፣ የፈራችውን ነገር በመጨረሻ አግኝታ እንደምታረጋግጥ ሰው።

"አየህ?" አለች። "ለዚህ ነው።"

"ምኑ?"

"ፊትህ።" ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጠበቀች፣ ቀጠለች። "እህቴ ስትሰማኝ ምንም አልመሰላት። እሷ ድምፄን ብላ አይደለም እህቴ የሆነችው። አንተ ግን ድምፄን ብለህ ነው የመጣኸው።"

ግንበኛው አፉን ከፈተ። ልማድ ክፉ ነው፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ የነበረችው ያቺው አንዲት ቃል ናት። ገና መነሻዋ ሲወጣ እሷ ማንኪያዋን አነሣችበት።

"ይመለሳል እንዳትለኝ። አይመለስም። ሐኪሙ ሲናገር እኔም እዚያው ነበርኩ። ጠዋት ይመለሳል ትላለህ፣ ማታ ይመለሳል ትላለህ። ያኛው እስኪመለስ ይኼኛው ውጭ ይደር ያልከኝ ነው የሚመስለኝ።"

ይህን ያህል ስትናገር ደክሟት ደረቷን ያዘች። እሱ ሳህኑን መደገፊያው ግንብ ላይ አስቀመጠ። ጠዋት ሻይ እየያዘ የቆመበት ሁሉ፣ መብራት እያጠፋ ያላት ሁሉ፣ ለባለሱቁ የነዛው ሁሉ አንድ ባንድ እየመጣ እፊቱ ቆመ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር እንቅልፍ ነው ብሎ ብርድ ልብስ ያለብሳት ነበር። አፈረ፤ ጆሮው ሥር ድረስ ነው ያፈረው። ድምፅሽ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ያምራል ብሎ ሊዋሽላት አሰበ። ፊቱ ግን ቀድሞ ተናግሯል፣ እሷም ሞኝ አይደለችም።

"አልደነገጥኩም ብል ውሸት ነው" አላት። "ያን ድምፅ እወደው ነበር።"

"እኔም" አለች።

ይህን ስትል ነው ዓይኗ የሞላው። ግንበኛው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጎደለበት እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። እሷ ያጣችው ለእሱ ስትል የያዘችው ዕቃ ሳይሆን የራሷ ነገር መሆኑ አንድ ቀን እንኳን አልታሰበውም። አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ የልብሱን ክምር አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አላቀፋትም፣ እንዳይነካት ፈርቶ ሳይሆን ልብሱ ስለያዘው ነው። ሁለቱም ከድርብርቡ አንዳንድ ማንኪያ ወሰዱ። ጥሬው ማንጎ በእሱ ደረሰና ጥርሱ ሥር ተንኮሻኮሸ።

የሚላት ነገር ፈለገ። ለመድኩት እንዳይላት ገና አሁን መስማቱ ነው። ግድ የለም እንዳይላት ግድ አለው። እሷ ደግሞ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አጋድማዋለች፣ ከንፈሯ ሊገጥም ነው፣ ከገጠመ በኋላ ደግሞ መቼ እንደሚከፈት አምላክ ይወቅ።

"ክሬሙስ?" አላት።

"ምን ክሬሙስ?"

"ክሬሙ ምን ሆነ? ንገሪኝ።"

እየቀለደባት እንደሆነ ለማወቅ አየችው። አልቀለደም። ጉልበቱ ላይ የተቆለለውን ልብስ በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንገቱን ወደ እሷ አስግጎ ይጠብቃል።

"ቀጥኗል" አለች በመጨረሻ። "ሳይደርስ ነው የተውከው።"

"እሺ። ሙዙስ?"

"ጠቁሯል። ቀድመህ ከተፍከው።"

"ማንጎውስ?"

"አንዱ ጥሬ ነው። ዓይንህ የት ነበር?"

የማንጎውን ምሥጢር አልነገራትም፣ ለሌላ ቀን ይሆናል። የድርብርቡ ስሕተት ሲያልቅበት ወደ ማዕድ ቤቱ ተሻገረ፤ መደርደሪያውን ሲሠራ ምን እንዳጠፋ ጠየቃት። ቁመቱን ለራሱ ለክቶ ለእሷ እንዳልለካ ነገረችው። የመኝታ ቤቱን በር ጠየቃት፣ ሲከፈት ቁም ሣጥኑን እንደሚመታ ነገረችው፣ ይህን ስትናገር ትንሽ ጋል አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጠፋውን በየተራ እያነሣ ጠየቃት፣ ሰው ጥፋቱን እንዲህ ተስገብግቦ ሲሰማ ታይቶ አይታወቅም። ድምፁ እንግዳ ነው፣ አሁንም እንግዳ ነው፣ እዚያም እዚያም ይሰነጠቃል። መሐል ላይ ሲቆረጥባት ይጠብቃታል፣ ትንፋሿን ሰብስባ ስትመለስ ደግሞ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላታል።